ፌስቲቫሉ «ፕሬስ ኪት ላኩ» ብሎናል፤ ምን እንላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ የምንጫወት ሰባት ልጆች ነን። ማሲንቆ፣ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም እና አንዲት ድምፃዊት። ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ የወረቀቱ ሥራም እኔው ላይ ወድቋል። ማሲንቆ የሚመታው ልጅ የደሴ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ዜማ የሚያመጣው እሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ክለብ ውስጥ እንሠራለን። የምንጫወተው በብዛት የሌሎችን ዘፈን ነው፤ የራሳችንን አራት ሥራዎች ግን ቀርጸናል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ወዳለ አንድ ፌስቲቫል ስናመለክት «የኦንላይን ፕሬስ ኪታችሁን ላኩልን» አሉን። ሦስት ሳምንት አለን። ዌብሳይት የለንም፤ ገንዘብም የለንም። የፌስቡክ ገጻችን አይበቃም ወይ? ካልበቃስ ምን ምን ይግባበት?

መልስ፦ ፌስቡኩ አይበቃም። ገንዘብ ባይኖራችሁም ግን ሦስት ሳምንት ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ፕሬስ ኪቱን የሚከፍተው ማን እንደሆነ እንወቅ። አራት ዓይነት ሰው ነው። ባንድ የሚመርጠው ሰው፣ ስለ ፌስቲቫሉ የሚጽፈው ጋዜጠኛ፣ ፖስተር የሚሠራው ዲዛይነር እና መድረኩን የሚያዘጋጀው የድምፅ ባለሙያ። አራቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ አራቱም ይቸኩላሉ፤ አራቱም እናንተን አያውቋችሁም። መራጩ ፊት የማመልከቻ ክምር አለ። ፌስቡካችሁን ሲከፍት የድራመራችሁን የልደት ፎቶ፣ ያለፈውን ሐሙስ ማስታወቂያና የሦስት ሰው «በርቱ» ያገኛል። የሚፈልገው ነገር እዚያ ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ ቆፍሮ ግን አያወጣውም። ወደ ቀጣዩ ባንድ ያልፋል።

ፕሬስ ኪት ማለት እነዚህ አራት ሰዎች አንቺ ጋ ሳይደውሉ ሥራቸውን የሚጨርሱበት አንድ ገጽ ነው። የምታስገቢውን ሁሉ በዚህ መዝኚው። ከአራቱ ለአንዱም የማይጠቅም ከሆነ ይውጣ። እናንተን ለማሞገስ ብቻ የገባ ነገር ካለ ደግሞ ቀድሞ ይውጣ።

አሁን ወደ ዋናው። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ ቪዲዮ ነው። ላይቭ ቪዲዮ ማለቴ ነው፤ ክሊፕ አይደለም። ክሊፕ ላይ አፉም እጁም ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን የስቱዲዮ ነው። መራጩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። እሱ ማየት የሚፈልገው መድረክ ላይ ስትወጡ ምን እንደምትሆኑ ነው። ድምፃዊቷ ያለ ኮምፒውተር እርዳታ ትዘፍናለች ወይ? ቤዙና ድራሙ አብረው ይሄዳሉ ወይ? ሰው ፊት ስትቆሙ ትነቃላችሁ ወይስ እግራችሁን እያያችሁ ትጫወታላችሁ? ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር ላይ የሚካሄደው ሳውቲ ዛ ቡሳራ ለምሳሌ መድረኩ ላይ የሚቀርበው ሙዚቃ ሁሉ ላይቭ እንዲሆን የሚፈልግ ፌስቲቫል ነው። እንዲህ ላለ አዘጋጅ የተዋበ ክሊፕ ብትልኩለት ያልጠየቃችሁን መመለስ ይሆናል።

ሁለት ዘፈን ይበቃል። ሁለቱም የራሳችሁ ይሁኑ። ክለብ ውስጥ የሌላ ሰው ዘፈን መጫወት የአዲስ አበባ ባንድ እንጀራ ነው፤ ነውር የለበትም። ግን የስድሳዎቹን ዘፈን አሳምራችሁ መጫወታችሁ ስለ እናንተ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሌላም ጣጣ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥሙንም የዜማውንም ባለቤት ይጠብቃል። የሰው ሥራ ቀርጻችሁ ለራሳችሁ ማስተዋወቂያ ስታወጡ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ የራሳችሁን አውጡ።

ቀረጻው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ባንዶች ድምፁን በቀጥታ ከሚክሰሩ (የማይኩና የመሣሪያው ድምፅ ሁሉ ከሚደባለቅበት ማሽን) ይቀዱና ቤት ገብተው ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ድምፃዊቷ ትጮኻለች፤ ድራሙ የለም፤ ትራምፔቱ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስላል። ሳውንድ ማኑን መውቀስ አያስፈልግም። ትንሽ ክለብ ውስጥ ድራምና ትራምፔት ያለ ማይክም ይሰማሉ፤ ስለዚህ በሚክሰሩ የሚያልፈው ድምፃቸው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም። ሚክሰሩ የሚይዘው በብዛት ክፍሉ ውስጥ እርዳታ የሚፈልገውን ድምፅ ነው። መፍትሔው ሁለት ቦታ መቅዳት ነው። አንዱ ከሚክሰሩ፤ ሌላው ሰዉ ካለበት መሃል፣ መቅጃ ከሌለ በስልክም ቢሆን። በኋላ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ከመጀመራችሁ በፊት አንዳችሁ ካሜራው ፊት ቆማችሁ አንዴ በደንብ አጨብጭቡ። ያቺ ጭብጨባ ምስሉንና ሁለቱን ድምፆች ለመግጠም ከምንም በላይ ትረዳለች።

ለምስሉ አንድ ጥሩ ስልክ በትራይፖድ፣ በአግድም፣ ሰባታችሁንም በሚያሳይ ቦታ ይቁም። ሌላ ስልክ ካለ እጅና ፊት ይቅረጽ። ክለቡ ቀይ መብራት ብቻ ካለው ለዚያ ለሁለቱ ዘፈን ነጭ እንዲያበሩላችሁ ለምኑ፤ ቀይ ብርሃን ውስጥ የስልክ ካሜራ የሰው ፊት አያወጣም። እምቢ ካሉ ልምምድ ቤታችሁ ውስጥ ቀን ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ቅረጹ። ተመልካች ባይኖርም ችግር የለውም። ቪዲዮው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ሙዚቃ ይሁን። የሚሽከረከር ሎጎ፣ «እገሌ ፕሮዳክሽን ያቀርባል»፣ ከላይ የተነሳ የከተማ ምስል፣ ሁሉም ይቅር። የእኛ ዘፈን መግቢያው ረጅም ነው፤ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ማሲንቆውና ድምፃዊቷ ቶሎ የሚገቡበትን ዘፈን ከላይ አድርጉት።

ሙዚቃውን በአጭሩ ልለፈው። ከአራቱ ሥራዎች ሦስቱን ምረጡ፤ የምትጠራጠሩበትን አራተኛ ተዉት። ገጹ ላይ እዚያው ተጭኖ የሚሰማ ይሁን፤ ከሥሩ ደግሞ ማውረጃ ሊንክ ይኑረው። ገና ያልወጣ ሥራ ከሆነ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲሰማው አድርጋችሁ ዩቲዩብ ወይም ሳውንድክላውድ ላይ መጫን ትችላላችሁ። ለሬዲዮ ዋቭ ፋይል ወይም ባለ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ይዘጋጅ። የፋይሉ ስም የባንዱ ስምና የዘፈኑ ስም ይሁን እንጂ «ፋይናል ሚክስ 3 አዲሱ» አይሁን። ፋይሉ ውስጥ የሚገባውን የአርቲስት ስምም ሙሉ፤ ሳይሞላ ወጥቶ «ያልታወቀ አርቲስት» ተብሎ የሚጫወት ስንት ጥሩ ዘፈን አለ! ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ የማን እንደሆነ ይጻፍ። የኛ ሰው ይህን ይተወዋል፤ ኋላ ጠብ የሚያመጣውም ይኸው ነው።

ስለ ባንዱ የሚጻፈው ጽሑፍ ጋ ስንደርስ ትንሽ እንቀመጥ። ሦስት ርዝመት ያስፈልጋል። አንዱ 50 ቃል አካባቢ ለፕሮግራም መጽሔት፤ አንዱ 150 ቃል ለዜና፤ አንዱ እስከ 400 ቃል ጠለቅ ብሎ መጻፍ ለሚፈልግ ጋዜጠኛ። ሦስቱም «እኛ» ሳይሆን «ባንዱ» እያሉ ይጻፉ፤ ጋዜጠኛው ሳይለውጥ እንዲገለብጠው ነው የምንፈልገው። መገልበጡ ሊያስቀይማችሁ አይገባም፤ ጽሑፉ የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚላክልኝ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ፈር ቀዳጅ የሆነው ይህ ተወዳጅና ዝነኛ ባንድ ዘመናዊውን ከባህላዊው ጋር በማዋሃድ የአድማጭን ቀልብ መግዛት ችሏል።» ይህን ዓረፍተ ነገር የትኛውም ባንድ ስም ሥር ብታደርጊው ይሠራል። ስለዚህ ስለ ማንም አይናገርም። ዝነኛ ብትሆኑ ኖሮ ሰውየው ያውቃችሁ ነበር።

ከነገርሽኝ ተነሥቼ፣ የጎደለውን እየገመትኩ፣ አጭሩን ልሞክርልሽ፦ «ባንዱ ሰባት አባላት አሉት፤ መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ብዙዎቹን ዜማዎች የሚያመጣው ደሴ ያደገው የማሲንቆ ተጫዋች ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ማሲንቆውን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ድምፃዊቷ ከሁለቱ መሃል ትገባለች። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ይጫወታሉ። በቅርቡ የራሳቸውን አራት ሥራዎች ቀርጸዋል።» አንድም ማሞገሻ ቃል የለውም። ሰውየው ግን ማሲንቆ የሚመራው የነፋስ መሣሪያ ምን ይመስላል ብሎ ቪዲዮውን ይጫናል። የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ሙዚቃችሁ እንዲህ ካልሆነ እንደሆነው ጻፉት፤ እኔ ገና አልሰማኋችሁም።

ጋዜጠኛ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ኃይሉ መርጊያን አስቢው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሠራውን ሥራ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ በ2013 እንደገና አወጣው። ያኔ ስለ እሱ ከተጻፈው ውስጥ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እንደሚነዳና ደንበኛ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ በኪቦርዱ እንደሚለማመድ ያላነሣ ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። ሙዚቃው ያለዚያም ታላቅ ነው። ግን ያ አንድ እውነተኛ ነገር የማያውቀውን አንባቢ በር አስከፈተ። እናንተም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እንዴት ተገናኛችሁ? ማሲንቆውን ማን አስተማረው? ልምምዱ የት ነው? ከዚያ ውስጥ አንዱ ይወጣል። ያልሆነውን ግን አትፍጠሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሰባት ሰው ሰባት ዓይነት ሲመልስ በጣም ያሳፍራል።

«ኢትዮ ጃዝ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። የውጭ አዘጋጆች ይህን ቃል ያውቁታል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የጀመረው መንገድ ነው፤ ፓሪስ ላይ የታተመው ኢትዮፒክስ የተሰኘው የአልበም ተከታታይ ደግሞ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ለዓለም አዳረሰው። እናም ሰውየው ቃሉን ሲያይ አንድ የተወሰነ ድምፅ ይጠብቃል። እናንተ የምትሠሩት ያ ካልሆነ በራሳችሁ ላይ የተሳሳተ ታርጋ ለጠፋችሁ ማለት ነው። ከሆነም ከሌላው የሚለያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

አሁን ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን ብቻ የሚገጥሙ ጣጣዎች። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት እነዚህን ካልጠበቃችሁ ነገር ይበላሻል።

አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። «በ2015 ተመሠረተ» ብላችሁ ብትጽፉ የውጭው ሰው የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ትሸመግላላችሁ። «አዲስ ባንዶች» ለሚለው ዘርፍ አመልክታችሁ ከሆነ በዚህ ብቻ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ሰዓትም እንደዚሁ። «ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት» በቀጥታ ሲተረጎም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊመስል ይችላል። 20:00 ብላችሁ ጻፉት። በስልክ የተቀጠረ የድምፅ ፍተሻም በዚሁ ምክንያት እንዳያመልጣችሁ ሁልጊዜ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር አረጋግጡ።

ሁለተኛው ስም ነው። የኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የውጭ ጋዜጣ ይህን ስለማያውቅ ማሕሙድ አሕመድን «አሕመድ» እያለ ይጽፋል፤ አባቱን እያመሰገነ ማለት ነው። ከስማችሁ ዝርዝር ሥር «እባካችሁ አባላቱን በመጀመሪያ ስማቸው ጥሩ» የምትል አንዲት መስመር ብታስገቡ ጋዜጠኛው ያመሰግናችኋል። የፊደል አጻጻፉም አንድ ይሁን። አስታጥቄ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ አልበም ላይ በኬ፣ ሌላው ላይ በኪው ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ለእሱ ችግር የለውም፤ ዓለም ያውቀዋል። እናንተን ግን ሰው በጉግል ሲፈልግ ዩቲዩብ ላይ ያለው አጻጻፍ ከኢንስታግራሙ ከተለየ አያገኛችሁም። ሰባታችሁም ቁጭ በሉና የባንዱንም የየራሳችሁንም ስም አጻጻፍ ወስኑ። የግል ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ማድረግ ኋላ ለቪዛና ለክፍያ ይበጃል።

የአማርኛውን ጽሑፍም አትተዉት። የአገር ቤት ሬዲዮና ጋዜጣ የሚጠቀመው እሱን ነው፤ ዲሲና ቴል አቪቭ ያሉ የኛ አዘጋጆችም እንዲሁ። በፒዲኤፍ ስታወጡት ግን ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲገባ አድርጉ፤ አለዚያ የግዕዝ ፊደል በሌለው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ይሆናል።

ፎቶ። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ሁለት ሰባታችሁም ያላችሁበት፣ አንዱ በአግድም አንዱ በቁም፤ ሁለት መድረክ ላይ፤ አንድ የድምፃዊቷ፤ አንድ የማሲንቆው። ዲዛይነር ጽሑፍ የሚያስገባበት ባዶ ቦታ ያለው ፎቶ ይወዳል፤ ስለዚህ አንዱ ላይ ከአናታችሁ በላይ ግድግዳ ወይም ሰማይ ይታይ። ፎቶው ላይ ሎጎ፣ ስልክ ቁጥር፣ የስቱዲዮ ማኅተም አይኑርበት። ለኅትመት በ300 ዲፒአይ የኤፎር ገጽ ለመሙላት 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልጋል። ከፌስቡክ ላይ የወረደ ፎቶ እዚያ አይደርስም። ቴሌግራም ላይ ስትላላኩም ልብ በሉ፤ ፎቶን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩት፤ ያኔ ሳይነካ ይደርሳል። የፎቶ አንሺው ስም ፋይሉ ስም ውስጥ ይግባ፤ ለዚህ አገልግሎት እንደፈቀደም በጽሑፍ ያዙ። ሎጎ ካላችሁ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ ጨምሩ።

አሁን ብዙ ባንድ ወደሚረሳው ልምጣ። የድምፅ ባለሙያው። እናንተን ከሌላው የሚያስበልጥ አንድ ወረቀት ካለ ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሠለጠናችሁ መሆናችሁን ሳትናገሩ ይናገራል። ሁለት ገጽ ነው። አንዱ ላይ የመድረክ አቀማመጥ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) የት እንደሚቀመጥ፣ መብራት የሚሰካው የት እንደሆነ። በእጅ ሥሎ አጥርቶ ፎቶ ማንሣትም ይቻላል፤ ከታች «ተመልካች» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ግራና ቀኝ ይገለባበጣል።

ሁለተኛው የድምፅ መስመር ዝርዝር ነው። ተራ ቁጥር፣ መሣሪያ፣ የሚፈለገው ማይክ ወይም ዲአይ (መሣሪያውን ያለ ማይክ፣ በገመድ ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን)። ድራሙን፣ ቤዙን፣ ኪቦርዱን ማንም ያውቃል። ማሲንቆውን ግን አያውቅም። በምን እንደሚያነሣው ግራ ይገባዋል፤ በሆነ ማይክ ከሩቅ ያነሣውና መድረኩ ላይ መጮኽ ይጀምራል። ስለዚህ ንገሩት። ባለ አንድ ገመድ መሣሪያ መሆኑን፣ በቁርበት የተሸፈነው ገበታው ድምፁን እንደሚያጎላው፣ ገበታው ላይ ቆንጥጣ የምትያዝ ትንሽ ማይክ እንደሚሻለው፣ ወይም የራሳችሁ ፒካፕ (መሣሪያው ላይ ተገጥሞ ድምፁን የሚያነሣ ዕቃ) ካላችሁ ዲአይ ብቻ እንደሚበቃው ጻፉ። ከትራምፔቱና ከድራሙ ራቅ ብሎ እንደሚቆምም ጨምሩ፤ ካልራቀ የእሱ ማይክ ትራምፔቱን ነው የሚሰማው። ከበሮ የምትጨምሩበት ዘፈን ካለ ሁለት ፊት እንዳለውና ተጫዋቹ አንጠልጥሎት ስለሚንቀሳቀስ የቆመ ማይክ እንደማይሆነው አስረዱ። ከዘፈን ወደ ዘፈን ማሲንቆው ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም ወደ ሌላ ቅኝት የሚስተካከል ከሆነ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በዚያው ልክ አዘጋጁ፤ ፌስቲቫል ላይ የምታገኙት ጊዜ ክለብ ውስጥ ከለመዳችሁት በጣም ያነሰ ነው፤ በመቃኛ የሚያልቅ ደቂቃ አይኑራችሁ።

ኪቦርድ የምትጫወቺው አንቺ ስለሆንሽ አንድ ነገር። ወደፊት አሜሪካ ብትሄዱ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የኛው 220 ነው። የኪቦርድሽ አዳፕተር ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈ ወረቀቱ ላይ «ኪቦርድ በአዘጋጁ ይቅረብ» በይና የምትፈልጊውን ሞዴል ጥቀሺ።

የጋዜጣ ቃል ካላችሁ አስገቡ፤ ከየት እንደመጣና ቀኑ ይጻፍ፤ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚወስድ ሊንክ ይኑረው። ከሌላችሁ ባዶ ይቅር። ስም የሌለው «አንድ ታዋቂ ባለሙያ እንዳሉት» የሚባል ነገር አይሠራም። የተገዛ የዩቲዩብ እይታም እንዲሁ፤ ሚሊዮን እይታና አሥራ አምስት አስተያየት ያለው ቪዲዮ የሚያይ ሰው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከአሁን ጀምሮ ግን የሚወጣላችሁን ሁሉ ሰብስቡ። የሬዲዮ ቃለ መጠይቁን ቅዱ፤ ጽሑፉን ከነቀኑ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ይህ ለማስታወቂያ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ልዩ የባህል ይዘት ያለው ዝግጅት ለሚያቀርቡ አርቲስቶች ፒ-3 የሚባል ቪዛ ትሰጣለች፤ እዚያ ያለው ጋባዥ ሲያመለክት በጋዜጣና በመጽሔት የወጡ ጽሑፎች ከማስረጃዎቹ መሃል ይገባሉ። በአማርኛ የሆነው ሁሉ ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር በእንግሊዝኛ መቅረብ አለበት። ዛሬ ያልተቀመጠ ጽሑፍ በሁለት ዓመቱ ሊንኩ ሞቶ ይገኛል።

የት ይሠራ ላልሽው፣ ጉግል ሳይትስ ነፃ ነው፤ አንድ ቀን ይበቃሻል። ባንድካምፕም ለሙዚቃው ጥሩ ነው። ፎቶውና ወረቀቶቹ ጉግል ድራይቭ ላይ ሆነው ገጹ ላይ ሊንካቸው ይቀመጥ። ዊትራንስፈር ለዚህ አይሆንም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይዘጋል። የራሳችሁን ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) ለመግዛት የውጭ ካርድ ያለው ዘመድ ሊከፍልላችሁ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የሚመዘገበው በባንዱ ኢሜይል ይሁን። ዩቲዩቡም፣ ኢንስታግራሙም፣ ድራይቩም እንዲሁ። ለባንዱ ብቻ የሚሆን አንድ ኢሜይል ክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዝ። ጊታሪስቱ ሲለይ ገጹም አብሮት የሄደበትን ባንድ ብዙ አይቻለሁ። ኩርፊያው ያልፋል፤ ገጹ አይመለስም።

ገጹ በስልክ ይከፈት፤ ቀላል ይሁን። በራሱ የሚጮኽ ቪዲዮ አይኑርበት። የሚገናኙት ሰው አንድ ብቻ ይሁን፣ ያውም አንቺ። ስልክሽን በ09 ወይም በ07 ሳይሆን በ+251 ጀምረሽ ጻፊ። ዋትስአፕም ይኑርሽ፤ ቴሌግራም እኛ ጋ እንጂ ሁሉም ዘንድ የለም። የፓስፖርት ቅጂና የባንክ ቁጥር ግን ገጹ ላይ በጭራሽ! እነሱ በሌላ የተዘጋ ፎልደር ተዘጋጅተው ይቀመጡ፤ ሲጠየቁ ብቻ ለጠየቀው ሰው ይላኩ።

ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል። በመጀመሪያው ሐሙስ ቀረጻ፤ ካልተሳካ ሁለተኛ ሐሙስ አለላችሁ። በመሃሉ ፎቶና ጽሑፍ። ሦስተኛው ሳምንት ለወረቀቶቹና ለገጹ። እንግሊዝኛውን የሚያርም ሰው አሁኑኑ ፈልጉ፤ በመጨረሻው ቀን አይገኝም።

ሲያልቅ ሊንኩን ከመላክሽ በፊት ድራይቭ ላይ «ሊንኩ ያለው ማንም ሰው ማየት ይችላል» የሚለውን መምረጥሽን አረጋግጪ። በራስሽ ስልክ ስትከፍቺው ሁልጊዜ ይከፈታል፤ ባለቤቷ ነሽና። በሌላ ሰው ስልክ፣ ኢሜይልሽ ባልገባበት፣ ሞክሪው። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ የመጣለት መራጭ አይጠይቅም።

ኢሜይሉ ከአምስት መስመር አይብለጥ። ርዕሱ የባንዱ ስም፣ «አዲስ አበባ» እና የፌስቲቫሉ ዓመት። ውስጡ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስንት ሰው እንደምትጓዙ፣ ሊንኩ፣ ስልክሽ። ምንም አታያይዢ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ ማያያዣ አይልክም፤ ቢልክም ማንም አይወድም። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ብቻ አስታውሺ፤ ስታስታውሺም «ደረሳችሁ ወይ?» ብቻ አትበይ። አዲስ ቪዲዮ ወይም አዲስ ቀን ካለ እሱን ይዘሽ ሂጂ። ሊንኩ ያው ስለሆነ እነሱ ሲከፍቱት የሚያገኙት አዲሱን ነው።